የጋሽ አስናቀው ምርቃት

ደሴ ውስጥ ቤት የሚነድፉ ሰዎች ዕቃ ሊገዙ ሲሄዱ የሚባባሏት አንዲት አባባል አለች። ሻጩ ፈገግ ብሎ "ይቺንም ልጨምርልዎ፣ ያቺንም ይውሰዷት" ማለት ሲጀምር አንዱ የሌላውን ክንድ ነካ ያደርግና አባባሏን በጆሮው ሹክ ይለዋል። ሁለቱም ይስቃሉ፤ ሻጩ ብቻ አይስቅም። ከጥንት ከአባቶች የወረደች የሚመስላቸው ሞልተዋል። የለም፣ ገና ትናንት የተወለደች ናት፤ የተወለደችበት ቤትም ሆነ ያዋለዷት ሴትዮ በደንብ ይታወቃሉ። ነገሩ እንዲህ ነው።

ፒያሳ አካባቢ፣ ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ፣ አርክቴክት አስናቀው የሚባሉ ሰው ቢሮ አላቸው። ጋሽ አስናቀው መስመራቸው የቀና፣ ቃላቸው የታመነ ሰው ናቸው። አንዲት አመል ብቻ አለቻቸው፤ ያለ ምርቃት ምንም ነገር አይገዙም። ሎሚ ሲገዙ አንዲት ሎሚ ያስመርቃሉ። እርሳስ ሲገዙ መቅረጫ ያስጨምራሉ። ጫማ ገዝተው ትርፍ ክር የተመረቀላቸው ዕለት ቢሮ ገብተው ግማሽ ቀን ስለ ክሩ አወሩ፤ ስለ ጫማው ግን አንድ ቃል አልተነፈሱም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ትርንጎ "እኔን ያገባ ዕለት እንኳ አባቴን አንዲት ፍየል ሳያስመርቅ ከመደቡ አልተነሳም" እያሉ ይስቁባቸዋል።

ከእሳቸው ሌላ በዚያ ቢሮ የምትሠራው ረውዳ እንድሪስ ብቻ ናት። ረውዳ ነገር የማታበዛ፣ ሥራዋን አቀርቅራ የምትሠራ ወጣት አርክቴክት ናት። ሬንደር የሚሉት ሥራ የእሷ ነው፤ ገና መሠረቱ ያልተቆፈረውን ቤት ተሠርቶ እንዳለቀ አድርጋ፣ ፀሐይ ግድግዳው ላይ እያረፈች፣ መጋረጃው በነፋስ እየተነካ፣ ልክ ፎቶ እንደተነሳ በኮምፒውተር ታሳያለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ስትሠራ ግን የሠራችው የጋሽ አስናቀውን ቤቶች ነው። የራሷ የምትለው ሥራ አንድም አልነበራትም።

በዚያ ዓመት እትዬ ዙበይዳ መጡ። እትዬ ዙበይዳ ከእህል ንግድ ያረፉ፣ ዕድሜያቸው ሰባን የነካ ሴት ናቸው። ሐይቅ ዳር ሟች ባለቤታቸው አቶ ይማም በገዛ እጃቸው ዛፍ ያለሙበት መሬት አላቸው፤ እዚያ ላይ አሥራ ሁለት ክፍል ያለው የእንግዳ ማረፊያ መሥራት አሰቡ። ያቀረቡት ሁኔታ አንድ ነው፤ አንዲት ዛፍ አትነካም። ጋሽ አስናቀው መሬቱን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ረውዳ ግን ሜትሯን ይዛ አሥራ አንድ ቀን እየተመላለሰች ሁለት መቶ አሥራ ስምንቱንም ዛፍ አንድ በአንድ ለካች፣ አንድ በአንድ ፎቶ አነሳች። ከዚያ ቤቱን በዛፎቹ መሃል ለመሃል እያጠማዘዘች፣ እዚህ ለዋንዛው ቦታ እየለቀቀች፣ እዚያ ለሾላዋ በረንዳውን እየቆረጠች ነደፈችው። ጋሽ አስናቀው ንድፉን ከዳር እስከ ዳር አይተው፣ "ይህ ያንቺ ነው። ሥራው ከመጣልን ስምሽ ከኔ ስም በላይ ይጻፋል" አሏት። ረውዳ ያን ቀን ምሳ አልበላችም፤ ደስታው አጠገባት።

ችግሩ ግን እትዬ ዙበይዳ ንድፍ አያነቡም። ወረቀቱን ገልብጠው አይተው መለሱት። "ይሄ መስመር ለኔ የዶሮ ጭረት ነው" አሉ። "ቤቱን ከነዛፎቼ ቁጭ አድርጋችሁ አሳዩኝ። ከአዲስ አበባም አንድ ቢሮ ልሥራልዎ ብሎኛል፤ ቅዳሜ የሁለታችሁንም አይቼ እቆርጣለሁ።"

የቢሮው አሮጌ ኮምፒውተር አንድ ክፍል እንኳ ለመሣል ቀኑን ሙሉ የሚያቃስት፣ ጡረታው ያለፈበት ነበር። አዲስ መግዛት የግድ ሆነ። ረውዳ የሚያስፈልገውን በወረቀት ጻፈችና የመጀመሪያውን መስመር ሦስት ጊዜ አሰመረችበት፤ ሜሞሪው ሃያ አራት ጊጋባይት የሆነ ግራፊክስ ካርድ።

"ይህ ለምን ሦስት ጊዜ ተሰመረበት?" አሉ ጋሽ አስናቀው።

"ጋሼ፣ ሥዕሉን የሚሠራው ካርዱ ነው። ሲሠራ ግድግዳውንም፣ ውኃውንም፣ እያንዳንዷን ቅጠልም በአንድ ጊዜ በጉያው መያዝ አለበት። ጉያው ከጠበበ ፍጥነት ቢኖረውም ዋጋ የለውም።"

"ገባኝ። ጉያ ሰፊ" አሉና ወረቀቱን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። ረውዳም የሐይቅ ዳሩን ፋይል፣ ከነዛፎቹ፣ በፍላሽ ገልብጣ ያዘች፤ ሱቁ ውስጥ በራሷ ሥራ ልትሞክረው።

ሰኞ ጠዋት አንድ የኮምፒውተር ሱቅ ገቡ። ባለሱቁ ምናሴ ይባላል። ምናሴ አፉ ቅቤ ነው፤ ደንበኛውን ገና በር ላይ ሳለ ከጫማው እስከ ባርኔጣው ያነበዋል። ወረቀቱን ተቀብሎ አየና ከጓዳ አንድ ማሽን አወጣ። ጥቁር፣ ድርቅ ያለ ሣጥን ነው፤ ጌጥ የለው፣ መብራት የለው።

"ያሉት ይህ ነው ጋሼ። ካርዱ ሃያ አራት ነው። የሥራ ማሽን ነው።"

ጋሽ አስናቀው ዋጋውን ጠየቁ፣ ተከራከሩ፣ ትንሽ አስቀነሱ። ከዚያ እጃቸውን አጣምረው የሚወዱትን ጥያቄ አመጡ። "ምርቃቱስ?"

"በዚህ ዋጋ ምርቃት የለውም ጋሼ።"

"ምንም?"

"ምንም።"

"ማውዝ እንኳ?"

"ማውዝ እንኳ።"

የጋሽ አስናቀው ፊት ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው ጠቆረ። ምናሴም ፊታቸውን አየና ነገሩ ገባው። "እንደሱ ከሆነ ግን" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እዚህ ጋ አንዲት አለችኝ። ዋጋዋ ከዚህኛው እኩል ነው። ከእሷ ጋር እመርቅልዎታለሁ።"

ጨርቁን ገለጠ። ጎኗ መስተዋት የሆነ፣ ሆዷ ውስጥ ቀይና አረንጓዴ ብርሃን የሚሽከረከር ማሽን ብቅ አለች። ጋሽ አስናቀው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ከእሷ ጋር ይህን ባለ መብራት ኪቦርድ እመርቃለሁ" አለ ምናሴ።

"ኪቦርድማ ግዴታህ ነው። ምርቃት በለኛ!"

"እሺ፣ ይህን ባለ ጎማ ወንበር።"

"ወንበር ጥሩ ነው። በል ጨምር።"

"የሻይ ውኃ ማፍያ።"

"ለኔ ነው ለትርንጎ?"

"ለእትዬ ትርንጎ ነው። ለርስዎ ጃንጥላ አለ።"

"ጃንጥላ!" አሉ ጋሽ አስናቀው ወደ ረውዳ ዞረው። "በደሴ ክረምት፣ ጃንጥላ!"

"ጋሼ፣ ካርዷን ይጠይቁልኝ" አለች ረውዳ ቀስ ብላ።

ለእውነቱ፣ ምናሴ አልዋሸም። "ካርዷ የዚያኛው ታናሽ እህት ናት። ሜሞሪዋ ስምንት ነው። ግን ቀልጣፋ ናት፤ ኑ እዩአት" አለና አንድ የሳሎን ሥዕል ከፈተ። ሶፋ፣ ምንጣፍ፣ የአበባ ማስቀመጫ። ማሽኗ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ሳሎኑን ቁልጭ አድርጋ አወጣችው። ጋሽ አስናቀው ሶፋው ላይ ሊቀመጡ ምንም አልቀራቸውም።

ረውዳ ፍላሹን ከኪሷ አወጣች። "የራሴን ልሞክርባት?"

"በደስታ እህቴ" አለ ምናሴ፤ ወዲያውም ጎንበስ ብሎ ከባንኮኒው ሥር ሰፊ ስክሪን በሁለት እጁ አነሳ። "ይቺ ሁለተኛ ስክሪን ደግሞ ያንቺ ምርቃት ናት።"

እንግዲህ ረውዳ ሁለት ዓመት በአንዲት መስኮት በማታክል ስክሪን ላይ አንገቷን ሰብራ ሠርታለች። ይቺኛዋ ከጠረጴዛው ጫፍ እስከ ጫፍ ትደርሳለች። ምናሴ ሲያበራት የባሕር ዳርቻ ወጣባት፣ ሰማያዊው ሱቁን ሞላው። ረውዳ ንድፉን በአንደኛዋ፣ ሥዕሉን በሌላኛዋ ዘርግታ፣ ጀርባዋን ቀና አድርጋ ስትሠራ ታያት። ልቧ ሄደ።

"ስምንት ይበቃል?" አሉ ጋሽ አስናቀው። "አንቺ ነሽ የምታውቂው። ይበቃል ካልሽ ይበቃል።"

"ለብዙ ሥራ ይበቃል" አለች ረውዳ ከስክሪኗ ዓይኗን ሳትነቅል።

ያለችው ውሸት አልነበረም፤ ለብዙ ሥራ በእርግጥ ይበቃል። ለሁለት መቶ አሥራ ስምንት ዛፍ ይበቃ እንደሆነ ግን አልተናገረችም፣ ራሷንም አልጠየቀችም። ፍላሹ ወደ ኪሷ ተመለሰ። ጥቁሩ ሣጥንም ወደ ጓዳ።

ምርቃቱ በአንድ ባጃጅ አልቻል ብሎ ሁለት ባጃጅ ተጠራ። በፊተኛው ማሽኗና ረውዳ ሄዱ፤ በኋለኛው ጋሽ አስናቀው ወንበሩን አቅፈው፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጃንጥላቸውን እያሽከረከሩ ተከተሉ። ቢሮው ያን ከሰዓት ሰርግ ቤት ሆነ። ከታች ያለው የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ሳይቀር ወጥቶ መብራቱን አይቶ "ይቺማ መድኃኒትም ታዛለች" ብሎ ሄደ።

ማክሰኞ ጠዋት ረውዳ ቤቱን ለብቻው አስገባችው። ሦስት ደቂቃ። ግድግዳው፣ በረንዳው፣ የሐይቁ ውኃ፣ ሁሉም አማረ። ጋሽ አስናቀው ወንበሩ ላይ ሆነው ክፍሉን ሁለቴ ዞሩ። ከዚያ ዛፎቹን ማስገባት ጀመረች። አንዱን ዛፍ ሁለት መቶ ጊዜ ማባዛት ይቻል ነበር፤ ማንኛውም ሰው የሚያደርገው እሱን ነው። እትዬ ዙበይዳ ግን እያንዳንዱን ዛፍ በመልኩ ስለሚያውቁት፣ ረውዳ ቀደም ሲል ከፎቶዎቹ እያየች ሁሉንም ለየብቻ ነበር የሠራቻቸው፤ የጎበጠውን ጎባጣ፣ መንታውን መንታ አድርጋ። አሥር ገባ። ሃያ ገባ። አርባ ገባ። አርባ አንደኛው እንደገባ፣ አርባ ሁለተኛው ላይ ሥዕሉ ቀጥ አለና ሜሞሪ አልቋል የሚል ጽሑፍ ወጣ።

"ደግመሽ ሞክሪ፤ አዲስ ስለሆነች ደንግጣ ይሆናል" አሉ ጋሽ አስናቀው።

ደግማ ሞከረች። አርባ አንድ። ቅጠሎቹን አሳሳቻቸው፤ ዋንዛው ተላጭቶ የመጣ መሰለ። መለሰችው። አርባ አንድ። መብራቱ ግን ቀይና አረንጓዴ እያለ መሽከርከሩን አልተወም።

ረቡዕ ረፋድ ላይ፣ ማንም ሳይጠራቸው፣ እትዬ ዙበይዳ ደረጃውን ወጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

"በዚህ ሳልፍ ዛፎቼን ልያቸው ብዬ ነው" አሉ።

ጋሽ አስናቀው ተሽቀዳድመው ወንበሩን አቀረቡላቸው። እትዬ ዙበይዳ ቢስሚላሂ ብለው ቁጭ ከማለታቸው ወንበሩ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። "እረ ይሄስ ይሄዳል!" ብለው ተነሡና ከጥግ ተራውን ዱካ ሳቡ። ረውዳ ሌላ የምታሳየው ስለሌላት ያለውን ከፈተች። እትዬ ዙበይዳ ቤቱን አይተው "ማሻአላህ" አሉ። ቀጥለው ጠቋሚ ጣታቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠግተው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ መቁጠር ጀመሩ። ጋሽ አስናቀው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

"አርባ አንድ" አሉ እትዬ ዙበይዳ። "የቀሩትስ?"

ጋሽ አስናቀው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እትዬ፣ የቀሩት… አሉ እኮ። እርስዎ በሐሳብዎ ይሙሏቸው።"

"በሐሳቤ?" እትዬ ዙበይዳ ከዱካው ተነሡ። "ይማም የተከላቸው በሐሳብ መስሎሃል? በአካፋ ነው የተከላቸው! ቤቱ ቆንጆ ነው፤ የሠራው እጅ ይባረክ። ግን ዛሬ በሥዕል ዛፌን የጎመደ ነገ በመጥረቢያ ይጎምደዋል። ቅዳሜ በሬ ክፍት ነው። ሙሉ ካልሆነ ግን እንዳትደክሙ።"

ነጠላቸውን አስተካክለው ወረዱ። ረውዳ እንባዋ መጣ። አንዲት ዛፍ ላለመንካት አሥራ አንድ ቀን የለካች ልጅ ዛፍ ቆራጭ መባሏ አንገበገባት፤ የባሰ ያቃጠላት ግን ያስባለችው ራሷ መሆኗ ነው።

"ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አለች። "ስምንት እንደማይበቃ ልቤ ያውቅ ነበር። ፍላሹም እጄ ላይ ነበር። ስክሪኗን አይቼ ነው ዝም ያልኩት።"

"ልጄ" አሉ ጋሽ አስናቀው፣ "አንቺስ ስክሪን አይተሽ ነው። እኔ እኮ ጃንጥላ አይቼ ነው።" ሁለቱም ሳያስቡት ሳቁ፤ ሳቁ ሲያልቅ ጋሽ አስናቀው ባርኔጣቸውን አነሡ።

ምናሴ ነገሩን ሰምቶ አልተቆጣም። "ትልቁ ማሽን አለ፤ እለውጥላችኋለሁ። ግን ምርቃቱ አንድም ሳይቀር ይመለስ" አለ።

"ምርቃት ይመለሳል እንዴ? በየት አገር ነው የተመረቀ የሚመለሰው?"

"ጋሼ፣ እኔ ከቤቴ አምጥቼ አልመረቅኩዎትም። የሃያ አራቱና የስምንቱ ልዩነት እኮ ነው ወንበርም ጃንጥላም ሆኖ የሄደው።"

የዚያን ዕለት ክርክር በዚሁ አለቀ፤ ጋሽ አስናቀው ተከራክረው የተረቱበት የመጀመሪያው ቀን ነው ይባላል።

ሐሙስ በማለዳ ማሽኗ በባጃጅ ወደ ሱቁ ተመለሰች፤ ምርቃቱ ግን ሲለቀም ዋለ። ውኃ ማፍያው ቤት ነበር።

"አልሰጥም" አሉ ወይዘሮ ትርንጎ። "ሠላሳ ዓመት ያንተን ምርቃት ሳስተናግድ ኖሬ፣ ለኔ የሚሆን የመጣው ይሄ ብቻ ነው።"

"ትርንጎዬ፣ የልጅቷ ሥራ ሊቀርባት ነው።"

ወይዘሮ ትርንጎ ረውዳን ይወዷታል። ውኃ ማፍያውን ደፍተው፣ ወልውለው ሰጧቸውና "ለሰው ስትል ስትመልስ ደግሞ ዛሬ አየሁህ" አሏቸው።

ወደ ሱቁ ሲወርዱ ባጃጅ ጠፋ፤ ጋሽ አስናቀው ትዕግሥት አጡና ወንበሩን በጎማው እየገፉ፣ ኪቦርዱንና ውኃ ማፍያውን ላዩ ላይ ጭነው፣ ጃንጥላውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው በእግር ተነሡ። ደሴ ደግሞ ቁልቁለቷን ታውቋታላችሁ። የመንገዱ መታጠፊያ ላይ አንድ ወዳጃቸው "አስናቀው፣ ቢሮ ለቀቅህ እንዴ?" ብሎ ሲጠራቸው እጃቸውን ለሰላምታ አነሡ። ወንበሩ የሚጠብቀው ይህንኑ ነበር። ከነጭነቱ ሽው ብሎ ወረደ። ጋሽ አስናቀው "ያዙት! ምርቃት ነው! ያዙት!" እያሉ በጃንጥላ አየሩን እየቀዘፉ ተከተሉት። ወንበሩ አንዲት የሽንኩርት ሻጭ ፊት ደርሶ፣ ከሽንኩርቱ ክምር ጋር ተደግፎ፣ ሊሸምት እንደመጣ ደንበኛ ቁጭ አለ። ሴትዮዋ ውኃ ማፍያውን አየችና "ይሄ በስንት ነው?" አለች። መንገዱ በሙሉ ሳቀ። ረውዳ ከኋላ ስክሪኗን አቅፋ ትመጣ ነበርና መሳቅም አልቻለችም፤ ብትወድቅ የምትወድቀው ከነስክሪኗ ነው።

ሱቁ ሲደርሱ ሁሉም ነገር ባንኮኒው ላይ ተደረደረ። ስክሪኗ መጨረሻ ቀረች። ረውዳ ከማስረከቧ በፊት በሻርፗ ጫፍ አቧራዋን ጠረገችላት። አዘነች፤ ማዘኗንም አልደበቀችም። "ቆንጆ ነበርሽ" አለቻትና ሰጠች። ከዚያ ምናሴ አፉን ሳይከፍት ፍላሹን አውጥታ ጥቁሩ ሣጥን ላይ ራሷ ሰካች።

ጋሽ አስናቀው ቆመው ጠበቁ። አርባ አንድ አለፈ። መቶ አለፈ። ሁለት መቶ ላይ ጋሽ አስናቀው ከንፈራቸውን ነከሱ። ሁለት መቶ አሥራ ስምንተኛው፣ ውኃው ዳር ያለው አሮጌ ጽድ ገባ። ሥዕሉ ከላይ ጀምሮ ቀስ እያለ፣ ቅጠል በቅጠል፣ ጥላ በጥላ እየጠራ ወረደ። ምናሴም ጭምር "ኧረ ይሄ የት ነው?" አለ። ጋሽ አስናቀው ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳያስመርቁ ከሱቅ ወጡ።

ቅዳሜ ሥዕሉን በትልቅ ወረቀት አሳትመው እትዬ ዙበይዳ ቤት ሄዱ። የአዲስ አበባዎቹ ቀድመው መጥተው ሄደዋል።

"እንዴት ነበር የነሱ?" አሉ ጋሽ አስናቀው።

"ያብለጨልጫል። ዘንባባ ተክለውልኛል። እኔ ደግሞ ዘንባባ የለኝም።" ከዚያ ወረቀቱን መሬት ላይ አስዘርግተው ጎንበስ አሉና በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ረውዳ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ቆጠራው ረዘመ። መሃል ላይ ጣታቸው አንዲት ጎባጣ ሾላ ላይ ቆመ። "ይቺን ይማም ልቁረጣት ሲል እኔ ነኝ ያስጣልኩት" አሉ፤ ድምፃቸው ቀጠነ። ቆጥረው ቆጥረው ሲጨርሱ ቀና ብለው ረውዳን አዩአት።

"ሁለት መቶ አሥራ ስምንት። ልጄ፣ ቤቴን አንቺ ሥሪልኝ።"

ጋሽ አስናቀው እስክሪብቷቸውን አውጥተው እዚያው ወረቀቱ ግርጌ ላይ፣ ከስማቸው በላይ፣ ረውዳ እንድሪስ ብለው ጻፉ። የእጅ ጽሑፋቸው እንዲያ አምሮ አያውቅም።

ትንሽ ቆይቶ፣ ሻይ ቀርቦ ሁሉም ሲረጋጋ፣ እትዬ ዙበይዳ ነገሩን አነሡ። "እንግዲህ ንገሩኝ። ረቡዕ አርባ አንድ የነበረው ዛሬ እንዴት ሞላ?"

"መብራት ጠፍቶ…" ብለው ጀመሩ ጋሽ አስናቀው። የረውዳን ዓይን አዩና ተዉት። "እውነቱን ልንገርዎ፣ እትዬ" አሉ፤ ከዚያም ከጥቁሩ ሣጥን ጀምረው፣ ኪቦርዱን፣ ውኃ ማፍያውን፣ ጃንጥላውን፣ በቁልቁለቱ ያመለጠውን ወንበር፣ አንዱንም ሳያስቀሩ ተናዘዙ። ረውዳ "ስክሪንም ነበረች፤ እሷ የኔ ናት" ብላ የራሷን ጨመረች።

እትዬ ዙበይዳ ጆሯቸውን ሰጥተው ሰሙ። ወንበሩ ሽንኩርቱ ላይ የተደገፈበት ጋ ሲደርስ ሳቃቸው አመለጣቸው፣ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። ሳቁ በረድ ሲል ወደ ጋሽ አስናቀው ጠጋ አሉ።

"አርባ ዓመት እህል ሰፍሬ ሸጫለሁ" አሉ። "አላህ ይማረኝ፣ ሥሯ ወደ ውስጥ የጎበጠች አንዲት ጣሳ ነበረችኝ። በደህናዋ ጣሳ በሰፈርኩ ቀን አንዲት ፍሬ መርቄ አላውቅም፤ ገዢው እያጉረመረመ ይሄዳል። በጎባጣዋ በሰፈርኩ ቀን ግን በሁለት እጄ ዝቄ እመርቅለት ነበር፤ እሱም እያመሰገነኝ ይሄድ ነበር። ስማኝ አስናቀው፣ ከእንግዲህ ወዲያ ይቺን ይዘህ ገበያ ውጣ፤ ምርቃት ሲበዛ ጠርጥር፣ ሳይጎድል አልቀረም ስፍር።"